ለእሑድ የመረጥናቸው ስድስት

ባለፈው ሳምንት በሰዓት የማጸዳበት አንድ ቤት ውስጥ መሳቢያ ስጠርግ አጭር ግራጫ ገመድ አገኘሁ። ሁለቱም ጫፉ አንድ ዓይነት ነው፤ የስልክም አይደል፣ የቴሌቪዥንም አይደል። የቤቱ እመቤት ገና ልጅ ናት፤ ከሩቅ አየችውና «ጣዪው፣ ምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም» አለችኝ። እኔ አውቄዋለሁ። ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው ያረጀ ጎማና የዛገ የባትሪ ድንጋይ ሸተተኝ። ከዚያ ቆሻሻው ውስጥ ጣልኩት። ቀኑን ሙሉ ግን ሐሳቤ ፋናር ነበር፤ ዓረብ አገር መጀመሪያ የገባሁበት ሰፈር።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጨረሻ ነው፤ እኔ ሃያ ዓመቴ። የመጀመሪያዋ ማዳሜ ቤት ዳገቱ ላይ፣ አራተኛ ፎቅ ነበር። ከበረንዳው ባሕሩ ይታያል። ከታች የጥድ ሽታ ይመጣል፣ ከውስጥ እኔ ወለሉን የማሽበት በረኪና ይሸታል፤ ሁለቱ በሩ ላይ ይገናኛሉ። ቤቱ ውስጥ ማዳሜና አሥር ዓመት የሆናት ልጇ ብቻ ነበሩ። ባልየው ለሥራ ባሕር ማዶ ነው፤ እሱን የማውቀው ግድግዳ ላይ ባለው ፎቶ ነው።

ሰው የማገኘው በሳምንት አንድ ቀን ነበር። እሑድ እሑድ ማዳሜ ለምሳ አሽራፊዬ ሰፈር እህቷ ቤት ትሄዳለች፤ ልጅቷን ይዛ፣ እኔን ለልጅቷ አስከትላ። በእህትየዋ ወጥ ቤት አንዲት ጎንደሬ ትሠራ ነበር። በአሥር ዓመት ትበልጠኛለች፣ እትዬ እላታለሁ። ከእሑድ እስከ እሑድ አማርኛ ከአፌ አይወጣም፤ ከራሴ ጋር ካላወራሁ በቀር። ስልክ የለም፣ መውጫ የለም፣ በሩ ከውጭ ይቆለፋል። እሑድ ግን ታቡሌ ለሚሉት ሰላጣ የሚሆን በቅዱኒስ፣ ያን ቅጠል፣ እየቀነጠብን ጣታችን አረንጓዴ እስኪሆን እናወራለን። ስለምን? እንጃ። ስለ ማዳሞቻችን ጫማ ብዛት። ስለ እትዬ ባል። ሐሙስ ዕለት ስላየሁት ሕልም።

«ዛሬስ ስንት ወሬ አጠራቅመሽ መጣሽ?» ትለኛለች በሩ ላይ ስታየኝ። እውነትም አጠራቅም ነበር። ልብስ ስተኩስ አንድ ነገር ትዝ ካለኝ «ይሄ ለእሑድ» እላለሁ።

ይህን ያበላሸብኝ ጌም ነው። በዚያ ዓመት ያላቸው ሰዎች ልጆች ሁሉ እጅ ላይ አንድ ጌም ገባ፤ መዳፍ የሚያህል፣ የባትሪ ድንጋይ የሚበላ። ሣር ውስጥ እየዞርሽ አውሬ ትይዣለሽ፣ ታሳድጊያለሽ። ከዚያ ከያዝሻቸው ስድስቱን መርጠሽ በገመድ ከሌላ ልጅ ጌም ጋር አገናኝተሽ ታዋጊያለሽ። ስድስቱም የወደቁበት ተሸነፈ ማለት ነው። የልጅቷ አክስት ልጅ፣ የጎንደሬዋ ማዳም ልጅ፣ በሁለት ዓመት ይበልጣታል፤ እሱም ይሄው ጌም ነበረው። እሑድ ከምሳ በኋላ ሁለቱ የምግብ ጠረጴዛው ሥር በደረታቸው ይተኛሉ። ገመዱ አጭር ስለሆነ ግንባራቸው ሊጋጭ ምንም አይቀረው። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ልጅቷ እያለቀሰች ትወጣለች። እሱም አይተዋትም።

«ሂጂ፣ አሻንጉሊቶችሽን አዋጊ!»

አራት እሑድ እንዲህ ሆነ። በአምስተኛው ጠዋት ልጅቷ ጫማ አላደርግም አለች። ማዳሜ አልተቆጣችም። «ኸላስ፣ ትቅር» አለችና ወደ እኔ ዞረች፤ «አንቺም ከእሷ ጋር ትቆያለሽ።» በሩ ተቆለፈ። ያን ቀን በረንዳ ላይ ቆሜ አሽራፊዬ በየት በኩል እንደሆነ ለማወቅ ሞከርኩ። ያጠራቀምኩት ወሬ ሁሉ ሆዴ ውስጥ ቀረ።

በማግስቱ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ «እስቲ ጌሙን አሳዪኝ» አልኳት። ለእሷ አዝኜ እንዳይመስልሽ። ለእሑዴ ነው።

ያኔ መብራት ከሰዓት በኋላ ይጠፋል። ማዳሜ ትተኛለች፣ ሰፈሩ ጸጥ ይላል፣ ከሩቅ የሰው ጄኔሬተር ብቻ ይንደቀደቃል። ጌሙ የራሱ ብርሃን የለውም፤ ካላጋደልሽው ምስሉ አይታይም። ስለዚህ በረንዳው ላይ ተቀምጠን ፀሐይዋን እየተከተልን ወንበር እናዛውራለን። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነበር። ልጅቷ ፈረንሳይኛ ትምህርት ቤት ነው የምትማረው፣ እንግሊዝኛ አታውቅም። እኔ አሥረኛ ክፍል ጨርሻለሁ። ያ ቤት ከገባሁ ጀምሮ እኔ የማውቀው እነሱ የማያውቁት ነገር ሲገኝ ያ የመጀመሪያው ነበር። «መርዝ» የሚለውን አነበብኩላት፣ «እንቅልፍ» የሚለውን አነበብኩላት። አፏን ከፍታ አየችኝ።

አውሬዎቿን ሳይ የተሸነፈችበት ምክንያት ግልጽ ነበር። አንድ ትልቅ እሳት የሚተፋ ዘንዶና አምስት ጨቅላ። ዘንዶውን ስለምትወደው ውጊያ ሁሉ ለእሱ ነው፤ ሌሎቹ ቁጭ ብለው ያያሉ። የአክስቷ ልጅ ዘንዶውን በውሃ አውሬ ይጥለዋል፣ ከዚያ ጨቅላዎቹን መልቀም ነው።

እኔ ደግሞ ስድስት ሆነን ያደግን ልጆች ነን። እናቴ ዳቦ ስትቆርስ የአንዱ ከሌላው አይበልጥም። ስለዚህ ያየሁትን ነው ያደረግሁት፤ እኩል አሳደግኋቸው። ልጅቷ ትምህርት ቤት ስትሆን፣ ማዳሜ ስትተኛ፣ ለዚህኛው ሦስት ውጊያ ከሰጠሁ ለዚያኛውም ሦስት። በሳምንቱ ስድስቱም እኩል ሆኑ። ልጅቷ ደስ ብሏት ጫማዋን አደረገች፣ አሽራፊዬ ሄድን፣ ተሸነፍን። ይህኛው አሥር ደቂቃ ፈጀ፤ ልዩነቱ ይሄው ነው። ስንመለስ መኪና ውስጥ «አንድ ጊዜ ብቻ» አለችኝ። «አንድ ጊዜ እሞክራለሁ። ከዚያ መቼም አልሄድም።»

ከመመለሳችን በፊት ግን ወጥ ቤት ውስጥ ለጎንደሬዋ ነግሬያት ነበር። ሳህን እያደረቀች ሰማችኝ።

«እና ስድስቱም ምንድናቸው?»

«እሳት ናቸው፣ እትዬ። ልጅቷ የምትይዘው እሳት ብቻ ነው፣ ያምራል ትላለች።»

ሳህኑን አስቀምጣ ሳቀች። «አንቺ ልጅ፣ ድግስ አታውቂም እንዴ? ስድስት ወጥ ሠሪ ሰብስበሽ ማን ውሃ ሊቀዳ ነው? ማን ያሳልፋል? በር ላይ የሚቆመውስ?»

አገሯ ሳለች ሰርግ ሲደገስ ሥራ የምታከፋፍለው እሷ ነበረች። እርጥብ ጣቷን እየቆጠረች አከፋፈለችልኝ። አንዱ በር ላይ ይቆማል፣ ሰካራም ከመጣ ያስተኛዋል። አንዱ ወፍራም ይሁን፣ ዱላ የሚችል። አንዱ ፈጣን፣ የሚላላክ። ሁለቱ ዋናውን ሥራ የሚሠሩ፣ ግን አንድ ዓይነት ያልሆኑ። «ዘንዶሽ ደግሞ ሙሽራ ነው። ሙሽራ ቀድሞ አይወጣም።»

ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ያ ልጅ ጌሙን የሚያሳየው ሌላ ሰው የለውም፤ እናትና አባቱ አይሰሙትም። ወጥ ቤት መጥቶ እሷ ሽንኩርት ስትልጥ ክርኗ ሥር ገብቶ ያሳያታል። ስለዚህ ስድስቱንም አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች።

«መጀመሪያ የሚያወጣው ሁልጊዜ ያን ሆዳም ዓሣ ነው። ሁለተኛው ድንጋይ ነው፤ ልክ እንደ ባለቤቴ፣ ይቀመጣል፣ አይነቃነቅም፣ አይናገርም። መጨረሻ ላይ የሌሊት ወፍ አለችው፤ እሷን ይወዳታል።» ከዚያ ጨርቁን ትከሻዋ ላይ ጣለችና «ለልጅቷ ግን ከእኔ ሰማሁ እንዳትዪ» አለችኝ። «እሺ እትዬ» አልኩ።

እንደዚያ ሳምንት ተግቼ የሠራሁት ሥራ የለም። የመስኮት መስተዋት እያጸዳሁ ሐሳቤ ጌሙ ውስጥ ነው። በደብተር በአማርኛ ጻፍኩ፤ ውሃ እሳትን፣ እሳት ቅጠልን፣ ቅጠል ውሃንና ድንጋይን ይጥላል። ለበር የሚሆን አንድ አበባ የሚመስል አውሬ አገኘን፤ አጭር፣ ጠማማ፣ አፉ ክፍት የሆነ፣ ብናኝ ነስንሶ የሚያስተኛ።

ልጅቷ ፊቷን አዞረች። «አስቀያሚ ነው!»

«አስቀያሚም ይሠራል። ያላ፣ አስገቢው።»

«ዘንዶዬስ?»

«እሱ ሙሽራ ነው። ይጠብቃል።»

ሐሙስ ዕለት ይመስለኛል፣ ፀሐይዋ የበረንዳው ጥግ ላይ ደርሳ ሳለ፣ ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። «አበባው መጀመሪያ ይውጣ የምትዪው ለምንድነው? እሱ ዓሣውን እንደሚያወጣ በምን አወቅሽ?»

ብዙ ነገር ማለት እችል ነበር። ገመትኩ ብል ይበቃ ነበር። ግን ያን ሳምንት ሙሉ እንደ አስተማሪዋ ነው ስታየኝ የከረመችው፣ እኔም እንደዚያ መታየቱን ለምጄው ነበር። ሰው ያለኝ መሆኑን፣ ከዚያኛው ቤት ወሬ የሚነግረኝ ሰው ያለኝ መሆኑን እንድታውቅ ፈለግሁ መሰለኝ። ነገርኳት። «ለማንም እንዳትናገሪ» አልኳት። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

እሑድ ደረሰ። ምሳ ተበላ፣ ልጆቹ ጠረጴዛው ሥር ገቡ። እኔ የፍራፍሬ ትሪ ይዤ ስገባ ውጊያው ተጀምሯል፤ ትሪውን አስቀምጬ የልጣጭ ሳህን እንደሚያስተካክል ሰው ቆየሁ። ዓሣው ወጣ። አበባችን ብናኙን ነሰነሰችበት፣ ዓሣው ተኛ፤ ተኝቶ ሳለ ጉልበቱን መጠጠችውና ወደቀ። ልጁ አልጠበቀም ነበር፣ ቀና ብሎ አያት። ድንጋዩን አወጣ። ድንጋዩንም ያችው አስቀያሚ አበባ ጣለችው። ሦስተኛው መታትና ወደቀች፤ ወፍራሙ ገባ፣ ዱላውን ቻለ። ቀስ እያለ የልጁ ጆሮ ቀላ። ከሁለቱ ጌሞች የሚወጣው ቀጭን ጢው ጢው ብቻ ይሰማል። በመጨረሻ እሱ የሌሊት ወፏ ብቻ ቀረችው፣ እኛ ሁለት ነበሩን። ልጅቷ በጠረጴዛው እግሮች መሃል ቀና ብላ አየችኝ። አዎ ለማለት ዐይኔን ጨፈንኩላት። ሙሽራውን አወጣች። አንድ ጊዜ እሳት ተፋ፣ አለቀ።

ልጅቷ ጮኸች፤ ደስታ ነው። ማዳሜ አጨበጨበች። ልጁ ገመዱን ነቅሎ ተነሳ።

«አጭበርብራለች! ስድስቱንም ታውቃቸዋለች! እኔ ለማንም አላሳየሁም፣ ለ...» አለና አቆመ።

ልጅቷም እዚያው ወለሉ ላይ እንደተኛች፣ እየሳቀች፣ በክፋት አይደለም፣ «የእናንተዋ ናታ የነገረችን!» አለች።

አክስትየዋ የወይኑን ፍሬ ከሳህኑ አንስታ አፏ ውስጥ ከተተች፣ ወደ ወጥ ቤቱ በር አየች፣ ከዚያ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ቀጠለች።

በሚቀጥለው እሑድ ወጥ ቤቱ ውስጥ ሌላ ሴት አገኘሁ። ከየት አገር እንደሆነች አላወቅሁም፤ አማርኛ አትችልም፣ አረብኛም ገና ነች። አክስትየዋ ለማዳሜ ስታስረዳ ሰማሁ። «ወደ መክተብ መለስኳት» አለቻት፤ ላመጣት ቢሮ ማለቷ ነው። «ያኒ፣ ነገሩ ጌም መሆኑ አይደለም። የልጄን ነገር ለሰው ቤት የምታወጣ ነገ ምን ታወጣለች?» ማዳሜ ራሷን ነቀነቀች። እኔን ማንም ምንም አላለኝም። በዚያ ቤት ሌላ ሁለት ዓመት ሠራሁ።

ልጅቷ አንድ ቀን በረንዳው ላይ «በእኔ ነው እንዴ የሄደችው?» ብላ ጠየቀችኝ። «አይደለም» አልኳት። የአክስቷ ልጅ ከዚያ በኋላ ገመዱን አላወጣም፤ እሷም ጌሙን እየረሳችው ሄደች። አልፈርድባትም፣ አሥር ዓመቷ ነው። እኔ ሃያ ነበርኩ።

ጎንደሬዋ የት እንደደረሰች አላወቅሁም። ሌላ ቤት አስገብተዋት ይሆናል፣ አገሯ መልሰዋት ይሆናል። በኋላ ቡርጅ ኤል ባራጅነህ ሰፈር ከሴቶች ጋር ክፍል ስከራይ የጎንደር ሴት ባገኘሁ ቁጥር እጠይቅ ነበር፤ ምን ብዬ እንደምጠይቅ ሳላውቅ። ረጅም ናት፣ ስትስቅ ሳህን ታስቀምጣለች እላለሁ። እንዲህ ተብሎ ሰው ይገኛል?

የዚያን ዕለት፣ ያሸነፍንበት ዕለት፣ ትሪውን ይዤ ወደ ወጥ ቤት ስመለስ እጇ እስከ ክርኗ ሳሙና ውስጥ ነበር። የልጅቷን ጩኸት ሰምታለች፤ ከዚያ የተባለውን ግን በውሃው ድምፅ አልሰማችም። ዞረችና ቅንድቧን አነሳች።

«አሸነፍን?»

ዛሬም የምሰማው ያንን «ን» ነው። «አሸነፍን፣ እትዬ» አልኳት። «አበባዋ ሁለት ጣለች።» አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ሳቀች፣ ሳሙናው እስከ መስኮቱ ተረጨ። ፎጣ አነሳሁና አጠገቧ ቆሜ ሳህኖቹን ማድረቅ ጀመርኩ። ልጅቷ ምን እንዳለች ልነግራት አፌን ሁለት ጊዜ ከፈትኩ። ማዳሜ «ያላ፣ እንሂድ!» ብላ እስክትጠራኝ ድረስ ግን የነገርኳት ስለ ውጊያው ብቻ ነበር፤ ማን ቀድሞ እንደወጣ፣ ማን እንደወደቀ።