ተረፈች እና የጎመን ማሳቸው ዘበኞች

ወይዘሮ ተረፈች ከቡራዩ ወጣ ብሎ፣ ገፈርሳ አካባቢ ሠላሳ ዓመት ጎመን ሲያለሙ ኖረዋል። በዚህ ሁሉ ዘመን ጀርባዋ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያላትን ቀይ ጥንዚዛ ባዩ ቁጥር በጣታቸው ይጨፈልቋት ነበር። የጎመኑን ጭማቂ የሚመጥጠው ክሽክሽ የተባለ ጥቃቅን ተባይ ባለበት ቅጠል ሁሉ እሷ አትጠፋም፤ የክሽክሹ እናት ብትሆን ነው ብለው ደምድመዋል። ፀረ ተባይ መርጨቱንም እንደ ጸሎት አያስታጉሉም።

በ2008 ታኅሣሥ ላይ በአዲስ አበባ ማስፋፊያ ማስተር ፕላን ላይ የተነሣው ተቃውሞ ሲበረታ የአምቦ መንገድ ተዘጋ። የፀረ ተባይ መድኃኒቱ ከአዲስ አበባ መምጣቱ ቀረ። ተኩስ ከተሰማ ወዲህ እሳቸውም ከግቢ አልወጡም። መሬቱ ለከተማው ሊወሰድ ነው እየተባለ ላልተረጨ ጎመን ማዘናቸው ራሳቸውን ገረማቸው፤ ግን አዘኑ።

ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ የተረፈውን ለከብት ሊያጭዱ ማጭድ ይዘው ወረዱ። ጎመኑ ለምልሟል። ክሽክሹ ደርቆ እንደ ገለባ ይረግፋል። አንዲት ጥንዚዛ የቀረውን አንድ በአንድ እያነሳች ስታኝክ አዩ። ማጭዱን አስቀምጠው ቁጭ አሉ።

«ሠላሳ ዓመት ዘበኞቼን ስገድል!» አሉ ለራሳቸው።

ጎረቤታቸው ኦቦ ጂሬኛ ግን አስቀድመው መድኃኒት ያከማቹ ጠንቃቃ ሰው ነበሩ። ሦስት ጊዜ ረጩ። ጥንዚዛዎቹ አለቁ፤ ክሽክሹ ብሶበት ተመለሰ። ወደ አጥሩ መጥተው፣

«ምን ረጭተሽ ነው?» አሏቸው።

«ምንም አልረጨሁም፣ ኦቦ።»

ደበቀችኝ ብለው ሳምንት ሙሉ አኮረፉ።

ፕላኑ ቀርቷል ከተባለ በኋላ አንድ የግብርና ባለሙያ መጥቶ ማሳውን አደነቀ። የትኛውን ሥልጠና እንደተከተሉ ሲጠይቃቸው መንገድ ተዘግቶባቸው እንደነበር ነገሩት። እሱም «ሥልጠናውን በተግባር በማዋል» ብሎ ጻፈ። በስብሰባ ላይ ተጨብጭቦላቸው ሞዴል አርሶ አደር ተባሉ። ሽልማቱም አዲስ የፀረ ተባይ መርጫ ፓምፕ ሆነ።

ኦቦ ጂሬኛ ኩርፊያቸውን ትተው ፓምፑን ሊዋሱ መጡ። ተረፈች አልከለከሏቸውም፤ መጀመሪያ ግን ማሳው ውስጥ አስቀምጠው ጥንዚዛዋ ስትበላ አሳዩዋቸው። ሽማግሌው ቅጠሉን ገልብጠው አዩ።

«ታዲያ ፓምፑን ለምን ሸለሙሽ?» አሏቸው በመጨረሻ።

«እኔም አልገባኝም፤ ችግኝ አጠጣበታለሁ» አሉ ተረፈች፣ ከልባቸው።