ዓሣ ይታደላል ብዬ ስድስት ሴቶች ያሰለፍኩበት ሐሙስ

ይህ የሆነው ከሰባት ዓመት በፊት ነው። የነቢያት ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጣው ስድስት ሴቶች እኔን አምነው ሐሙሳቸውን ስለሰጡኝ ነው።

ሮም ውስጥ ሰው ቤት ተቀጥራ የምታድር ሴት እረፍቷ ሐሙስ ከሰዓት እና እሁድ ነው። እሁድ የቤተ ክርስቲያን ነው። የራሴ የምትለው ሐሙስን ብቻ ነው። ስለዚህ በሐሙስ አይቀለድም።

ከዚያ በፊት በነበረው ወር አንድ ቦታ ዘይትና ፓስታ ይታደላል ተብሎ የማኅበሬን ሴቶች ይዤ ሄጄ ነበር። ከሰዓቱን ሙሉ ተሰልፈን ቆምን። በጓሮ በር የገቡ ሰዎች ቀድመው ወሰዱና ለእኛ ሲደርስ አልቋል ተባለ። ጮኼ ጮኼ ድምፄ ተዘጋ፤ ግን ባዶ ከረጢታችንን ይዘን ተመለስን። ያን ቀን፣ ሁለተኛ ከእኔ ጋር ወጥታ ባዶ እጇን የምትመለስ ሴት አትኖርም ብዬ ማልኩ።

ማስታወቂያውን ያየሁት ቪያ ቮልቱርኖ በሚባለው መንገድ ግድግዳ ላይ ነው። ጣሊያንኛ እናገራለሁ እንጂ ማንበቡ ብዙም አይሆንልኝም። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። የማውቃቸውን ቃላት ግን ለቀም ለቀም አደረግኩ። "ዲስትሪቡዚዮኔ" ይላል። እደላ ማለት ነው፤ ይህን ቃል የማያውቅ ስደተኛ ሮም ውስጥ የለም። "ፔሺ" ይላል፤ ዓሣ። "ፍሬዲ" ይላል፤ ቀዝቃዛ። በበረዶ የደረቀ ዓሣ ነው ማለት ነው አልኩ። መግቢያው በነፃ ነው። ከሥር ደግሞ "እስኪያልቅ ድረስ" የሚል አለበት። የዘይትና የፓስታው ወረቀት ላይም የነበረው ይኸው ነው። ቀኑ ሐሙስ፣ ሰዓቱ ከቀኑ አሥር። ከዚህ በላይ ምን ይጻፍልኝ?

የልጅ ልጄ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ማስነበብ እችል ነበር። ግን አያቴ ማንበብ አትችልም እንድትል አልፈለግኩም።

ከሴቶቹ መሃል እታገኝ የምትባል አለች። ሁሉን ነገር የምትጠራጠር ናት።

"እትዬ ዘነቡ፣ ደግሞ ጠብ ውስጥ ሊያስገቡን ነው?" አለችኝ።

"ዓሣ ላበላችሁ ነው።"

"የጣሊያን ዓሣ በነፃ? ሸትቶ መሆን አለበት።"

ይህን ብላም ከሁሉ ቀድማ መጣች። እንዲያውም ዓሣው መንገድ ላይ እንዳይቀልጥ ብላ አሠሪዎቿ ባሕር ሲሄዱ መጠጥ የሚያቀዘቅዙበትን ሳጥን አንጠልጥላ ነበር።

ቦታው ከፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ ጀርባ ያለ ትልቅ የድሮ ሕንፃ ነው። ስንደርስ በሩ ዝግ ነው። ጣሊያኖቹ ደጃፉ ላይ በየቡድን ቆመው ያወራሉ። ሰልፍ የሚባል ነገር የለም። ሰልፍ የሌለው እደላ መጨረሻው ምን እንደሆነ ደግሞ እኔ አውቃለሁ። ድሮ ፔርሜሶ የሚባለውን የመኖሪያ ፈቃድ ለማሳደስ ስንሰለፍ ቁጥር ጽፈን የምናድለው እኛው ነበርን። ከቦርሳዬ ደብተር አወጣሁና ወረቀት ቀዳድጄ ከአንድ እስከ አርባ አንድ ጻፍኩ። በአመጣጣቸው ቅደም ተከተል ለሁሉም ሰጠሁ። ለወገኖቼ ብዬ አላደላሁም፤ እኔ ራሴ ዘጠነኛ ነበርኩ። ጣሊያኖቹ "ግራትሲዬ ሲኞራ" እያሉ አመስግነው ተቀበሉኝ። የቤቱ ሠራተኛ መስያቸው ነው።

በዚህ መሃል አንድ ፀጉሩ የነጣ ረጅም ሰውዬ ቦርሳውን አንግቦ ሰዉን እየሰነጠቀ በቀጥታ ወደ በሩ ሄደ። የጓሮ በሩ ሰዎች ትዝ አሉኝና ደሜ ፈላ። ሮጬ ካፖርቱን ከኋላ ጨመደድኩት።

"ወዴት ነው? ቁጥርህስ?"

"ሲኞራ፣ ውስጥ እየጠበቁኝ ነው" አለ።

"ሁላችንንም እየጠበቁን ነው። ተራህን ያዝ።"

ሰውዬው አየኝ። ካፖርቱን የያዘውን እጄንም አየ። ሊቆጣ ነው ስል ከት ብሎ ሳቀ። አርባ ሁለት ቁጥርን ተቀብሎኝ ከመጨረሻ ቆመ። እታገኝ "አሁን ይኼ ሽማግሌ ምን አደረገዎት?" ብላ ጎነጠችኝ። እኔ ግን ደስ አለኝ። እንዲህ ነው ሥርዓት!

በሩ ተከፈተና በየቁጥራችን ገባን። ውስጡ አዳራሽ ነው፤ ቀይ የቆዳ ወንበር ተደርድሯል። ተቀምጠን ስንጠብቅ ከሁሉ በኋላ ያ ሰውዬ ገባ። ባዶ ወንበር ሞልቶ ሳለ አልፎን ሄደና መድረኩ ላይ ወጣ። ድምፅ ማጉያውን ያዘና "ይቅርታ፣ ዘገየሁ፤ ቁጥሬ አርባ ሁለት ነበር" አለ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። የእኔ ጆሮ ጋለ።

ከዚያ መብራቱ ደብዘዝ አለና ግድግዳው ላይ ካርታ በራ። ባሕር ብቻ ነው፤ ከላይ ነጭ በረዶ፣ ከሥር ቀይና ቢጫ ነጠብጣብ። የዓሣ ካርቶን የሚባል ግን የለም።

እታገኝ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች። "እትዬ፣ ይኼ እኮ ትምህርት ነው።"

ስድስቱም ዞረው አዩኝ። አንዷ ሰዓቷን አየች። ሌላዋ የታጠፈ ከረጢቷን ቦርሳዋ ውስጥ ቀበረች። ሐሙሳቸውን በላሁባቸው! ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም፤ ተነሣሁ።

"ዓሣው የሚታደለው መቼ ነው?" አልኩ ጮክ ብዬ።

ከኋላችን ሳቅ ተነሣ። ሰውዬው እጁን አንሥቶ ዝም አሰኛቸው። ጥቂት አሰበና ገባው።

"ሲኞራ፣ ዓሣው ታድሏል" አለኝ። "ያደለው ባሕሩ ነው። የትኛው ዓሣ የት ቦታ እንደደረሰው የምቆጥረው እኔ ነኝ።"

በእኛ ቋንቋ እደላ ሌላ፣ ስርጭት ሌላ ነው። እነሱ ለሁለቱም አንድ ቃል አላቸው። "እስኪያልቅ ድረስ" የተባለውም ለካ ወንበሩ ነው። እኔ በምን ልወቅ?

"እንግዲያው ለማን ምን እንደደረሰው ይንገሩን" አልኩት። "እደላው ትክክል መሆኑን እንስማ።" ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሴቶቹም አብረውኝ ቀሩ።

ነገረን። በምድር ሰሜን ጫፍ፣ ውኃው እጅ በሚያደነዝዝበት ባሕር፣ ወለሉ ላይ ተለጥፈው የሚኖሩ ዓሦች አሉ። አንዱ ዘር ጭቃ ይወዳል፣ አንዱ ድንጋይ። አንዱ ጥልቁን ይዟል፣ ሌላው ዳር ዳሩን። ሁሉም የየራሱ ሰፈር አለው። አሁን ግን ባሕሩ እየሞቀ ስለሆነ ከደቡብ ትልልቅ ዓሦች እየመጡ ነው። የበረዶውን አገር ትንንሽ ዓሦች ይበሏቸዋል፤ የቀሩት ወደ ላይ ወደ ላይ ይሸሻሉ። መጨረሻ ላይ የሚሸሹበትም ያጣሉ።

"ይኼማ ግፍ ነው!" አልኩ በአማርኛ።

"ምኑ ነው ግፉ?" አለች እታገኝ። "ትልቁ ዓሣ ኑሮ ቢመቸው መጣ። እኔስ እዚህ ምን ልሠራ መጣሁ?"

"አንቺ ማንን በላሽ?"

"አሠሪዬን ቢጠይቋት ትነግርዎታለች።"

ሴቶቹ ለሁለት ተከፈሉ። ሦስቱ ከእኔ ጋር ለትንንሾቹ፣ ሦስቱ ለትልልቆቹ። ድምፃችን ከፍ ብሎ ኖሮ ሰውዬው ንግግሩን አቁሞ ምን እንደምንል ጠየቀ። እታገኝ በጣሊያንኛ አስረዳችው። እሱም "እኔ ሳስተምር ብዙ ሰው ተኝቶብኛል፤ የተጣላልኝ ሰው ግን ዛሬ ገና አየሁ" አለ። በዚህ ጊዜ የሳቀው አዳራሹ ብቻ አይደለም፤ እኛም ነን።

ስንወጣ ግን ልቤ ከበደኝ። ከረጢቱም ሳጥኑም ባዶ ነው። ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት ሰውዬው ካፖርቱን እየለበሰ ደረሰብን። ያ ትልቁ ዓሣ ጨው ሲነሰነስበት ሮማውያን ባካላ የሚሉት እሱ ነው አለን። አንድ መንገድ ተሻግሮ የሚጠብስ ቤት አለ፤ እርቦኛል፣ ኑ አብራችሁኝ ብሉ አለ። እምቢ አልን። እንደገና ለመነን። ሄድን።

ስምንት ቁራጭ ትኩስ ዓሣ በወረቀት ተጠቅልሎ ወጣ። መጀመሪያ ለእኔ ዘረጋልኝ። እኔ ስድስቱ ሳይይዙ አልነካም ብዬ ቆምኩ። ሁሉም ሲይዝ እግረኛ መንገዱ ላይ ቆመን በላን።

"ጠበቃ የቆምሽለትን በላሽው?" አልኳት እታገኝን።

"ምን ላድርግ እትዬ፣ ይጣፍጣል" አለችና ጣቷን ላሰች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ "እንደዚያ ዓይነት ወንበር ስንቱን ወልውያለሁ መሰለዎት። ስቀመጥበት ግን ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው" አለች። ሁላችንም ስንወለውል የኖርን ነን።

ለመለያየት አውቶቡስ ፌርማታ ስንደርስ ከስድስቱ አንዷም ሐሙሴን አባከኑብኝ አላለችኝም። የሚቀጥለው ሐሙስ የት ነው ያሉኝ ግን ሁለት ነበሩ።

የልጅ ልጄ ይህን በሰማች ቁጥር ሆዷን ይዛ ትስቃለች። እኔም አብሬያት እስቃለሁ፤ አላፍርበትም። ሰውዬውን ስለ ካፖርቱ እዚያው መንገድ ላይ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ስለ ማስታወቂያው ግን ይቅርታ የሚገባኝ እኔ ነኝ፤ እስካሁን የጠየቀኝ የለም።