አያቴ ሻማ ያላበሩበት መቃብር

ልጅ ሳለሁ፣ ሳሊተ ምሕረት አካባቢ ገና የባሕር ዛፍ ሽታ ባልለቀቀው ሰፈራችን፣ መብራት በጠፋ ቁጥር አባቴ የከሰል ማንደጃውን ወደ እግሩ አስጠግቶ የንጉሡን ታሪክ ያወራልን ነበር። የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ቀን ድምፁ የማይሰማው ሰው ያኔ በፍሙ ብርሃን ሌላ ሰው ይሆናል። ንጉሡ ከተማዋን እንዴት እንዳቀኑ፣ ስልክና ባቡር እንዴት እንዳስገቡ፣ ድሃ እንዴት ያበሉ እንደነበር ሲተርክ፣ እኔና ወንድሜ ጭሱ ዓይናችንን እየቆጠቆጠን እንኳ ንቅንቅ አንልም። እናቴ ከጀርባችን፣ ኩራዙ አጠገብ፣ ልብስ እየጣፈች ታዳምጣለች። ቃል ተናግራ አታውቅም።

ትምህርት በተዘጋበት አንድ ክረምት የእናቴ አባት ከወላይታ ሊጠይቁን መጡ። አባቴ አማቱን ለማክበር ብሎ እሑድ ጠዋት ሁላችንንም በታክሲ አራት ኪሎ ወሰደን። የአደባባዩን ሐውልት አሳየን፣ በቤተ መንግሥቱ አጥር ሥር አለፍን፣ ከዚያ ንጉሡ ወደተቀበሩበት ቤተ ክርስቲያን ገባን። በደረጃው ወደ ምድር ቤቱ ስንወርድ ተረቱ ውስጥ የገባሁ መሰለኝ። ከእብነ በረዱ መቃብር ፊት አባቴ ሻማ ለኩሶ ለአያቴ ዘረጋላቸው።

አልተቀበሉትም።

«እኔ ለእሱ ሻማ አላበራም» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ። አባቴ ሁልጊዜ «እሳቸው» የሚላቸውን ንጉሥ «እሱ» ሲሉ ሰምቼ ደነገጥኩ። «አገራችንን በወጋ ጊዜ የአባቴን ታላቅ እህት የእሱ ወታደሮች አስረው ወደዚህ ከተማ ነዷት። አልተመለሰችም።»

የአባቴ ፊት ተለዋወጠ። «አባባ፣ ልጆች ባሉበት እንዲህ ያለ ነገር አይወራም።»

«ማታ ማታ የምታወራው ለእነሱ አይደል እንዴ? እኔም ለእነሱ ነው የምናገረው።»

«ስሟ ማን ነበር?» አልኳቸው።

«አባቴ ስሟን መጥራት አይሆንለትም ነበር፤ ሲጀምር ያለቅሳል። ሳይነግረኝ ሞተ።»

ሰውነቴ በንዴት ጋለ። የንጉሡን ፈረስ ስም ሳይቀር አባቴ አስጠንቶኛል፤ የገዛ ዘመዴ ስም ግን የለም። ቀና ብዬ ሳየው ሻማው እጁ ላይ እየቀለጠ ነበር፤ ተቆጣ እንጂ አላፈረም። ክንዴን ይዞ እየጎተተ አወጣኝ። ቤት እንደገባን እናቴን ተከትዬ ወጥ ቤት ሄድኩ።

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ቤቴ ውስጥ ጠብ አልፈልግም» አለች፣ ሽንኩርት መክተፏን ሳታቋርጥ። ከአባቴ ይልቅ እሷ አናደደችኝ።

አያቴ በማግስቱ አገራቸው ተመለሱ። አባቴ መብራት ሲጠፋ ታሪኩን ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጠለ። አንድ ምሽት፣ «የአያቴን አክስት ታሪክም ጨምርበት» ስለው፣ «ሂጂ ተኚ» አለኝ። ተነሥቼ ሄድኩ፤ ከዚያ በኋላ ወደዚያ ፍም አልተጠጋሁም።

ንጉሡን በተመለከተ፣ ዕድሜዬ ሲገፋ መጻሕፍት አንብቤ፣ በክፉም በደጉም የሚነገረውን ሰምቼ፣ ንዴቴ ቀስ በቀስ ወደ ማወቅ ተለወጠ። የቤታችን ዝምታ ያስነሣብኝ ንዴት ግን አልበረደልኝም። አባቴ ዛሬ አርጅቷል፤ እወደዋለሁ፣ በየሳምንቱ እጠይቀዋለሁ፣ መድኃኒቱን እገዛለታለሁ። ታሪክ ሊጀምር ጉሮሮውን ሲጠርግ ግን ዛሬም ደሜ ይፈላል፤ ከሚነግረኝ ይልቅ የሚተወውን እሰማለሁና።