የኡስታዛዋ የፊት ጥርስ

ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ዓረብ አገር፣ መንሱራ ከተማ ውስጥ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ረዳት ነበርኩ። ሥራዬ ምራቅ መምጠጫውን መያዝና ዕቃ ማቀበል ነው። የተሰበረ ጥርስ ሲጠገን መጀመሪያ አሲድ ይቀባል፣ ይታጠባል፣ ይደርቃል። ላዩ ኖራ መስሎ ሲነጣ ማጣበቂያውን ይይዛል። በዚያ መሀል ምራቅ ከነካው ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ከአሲዱ እንደገና መጀመር ያስፈልጋል። ይህን ያስተማረኝ ደግሞ ራሱ ዶክተሩ ነው!

ኡስታዛዋ የሰፈራችንን ሴት ልጆች ቁርኣን የሚያስቀሩ፣ ማለትም ንባቡን የሚያስተምሩ፣ እናታቸው ሐበሻ የሆኑ ሴት ናቸው። የፊት ጥርሳቸው ከተሰበረ ወዲህ አንዳንዱ ፊደል በፉጨት ይወጣባቸው ጀመር። ልጆቹ ሳቁ፤ እሳቸውም ማስቀራቱን ተዉ። "የአላህን ቃል አበላሽቼ ከማስተምር ቤቴ ብቀመጥ ይሻለኛል" አሉኝ ወንበሩ ላይ ሲወጡ።

ጥርሳቸው ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ነጥቶ ሳለ መብራት ጠፋ። ዶክተሩ ጄኔሬተሩን ሊያስነሳ ወጣ፤ እኔም ባትሪ ፍለጋ ወደ ጓዳ ገባሁ። የአስር፣ የከሰዓት በኋላው ሶላት አዛን ተሰማ። ስመለስ ኡስታዛዋ ከወንበሩ ወርደው ማጠቢያው ላይ ለሶላት እየታጠቡ፣ ውዱእ እያደረጉ ነው፤ አፋቸውን ሦስቴ ተጉመጥምጠው ጨርሰዋል። ማን ነግሯቸው ይወቁ?

ሰግደው ሲቀመጡ መብራቱ መጣ። "ዶክተር፣ ተጉመጥምጠዋል። አሲዱን እንደገና እናድርግ" አልኩት ጆሮው ሥር።

"ኸላስ፣ በቃ! ውኃ ነው፣ ንፋስ ስጪው ይደርቃል። ውጭ ሰው ሞልቷል።"

በሸቅሁ። ግን ንፋሱን ሰጠሁ፤ ማጣበቂያውንም አቀበልኩት።

ሳምንት ሳይሞላ ኡስታዛዋ የወደቀውን የጥርስ ሙሊት በሶፍት ጠቅልለው መጡ። ልጆቹን ሲያስቀሩ፣ እዚያው ፊታቸው ነው የወደቀባቸው። ዶክተሩ ዓይኑን በጨው አጥቦ "ውዱእ ስላደረጉበት ነው" አላቸው።

አንገታቸውን ደፉ። "አስተግፊሩላህ፣ ጥፋቱ የኔ ነው።"

ከዚህ በላይ መቻል አቃተኝ። "አይደለም! ጥፋቱ የሱ ነው! እንደገና መጀመር ነበረበት፤ እኔ ነግሬዋለሁ!" ብዬ ጮኽኩ።

ኡስታዛዋ ወደ ዶክተሩ አልዞሩም፤ ያዩት እኔን ነው።

"ልጄ፣ ለሱ ከነገርሽ ለኔስ ለምን አልነገርሽኝም?"