የጋሼ ከድርን ኮምቢ ቁራሌ አይወስዳትም

ውሸት ነው አልኩ።

ዛሬ ጠዋት ጓደኛዬ ሰላም ደውላ "ግርሜ፣ ጋሼ ከድር አረፉ" ስትለኝ፣ "ውሸት ነው! ባለፈው አልጋቸው ላይ ሆነው ስለ ካርቡራተሬ ሲሰድቡኝ ነበር" ብዬ ዘጋሁባት። መልሳ ደወለች። እያለቀሰች ነበር።

ይህን የምጽፈው ራሴ ነኝ። አዎ፣ እኔ ግርማ፣ እስከ ዛሬ በስልካችሁ በድምፅ መልእክት ብቻ ስለፈልፍባችሁ የኖርኩት። የማታ ትምህርቴን ገና መጨረሴ ነው፤ በክፍላችን እንደ እኔ "ሐ" አሳምሮ የሚጽፍ አልነበረም። ስህተት ያገኘ ለራሱ ያርመው። ጋሼ ሁሌ "ያን ምላስህን አንድ ቀን በጽሑፍ አሳየኝ" ይሉኝ ነበር። ይኸው።

ለማታውቋቸው፣ ጋሼ ከድር ነጭና አረንጓዴ ኮምቢ የነበራቸው የካራ ሰው ናቸው። ያቺ ፊቷ ክብ የሆነ፣ ሳትታይ ድምጿ ቀድሞ የሚደርስ የድሮ መኪና። እኔም አለችኝ፣ ቀይ። ከአዲስ አበባ ቆንጆዋ የእኔ ናት። ጋሼም ያውቁ ነበር፣ ብቻ አያምኑም።

የተዋወቅነው እንጦጦ ዳገት ላይ ነው። መኪናዋን በገዛሁ ሰሞን መሀል ዳገት ላይ ቀጥ አለችብኝ። እኔ ብልጡ ጀሪካን ውሃ ይዤ ከፊቷ ራዲያተር ፍለጋ እንከራተታለሁ። ጋሼ ከላይ ሲወርዱ አይተውኝ አቆሙ።

"ምን ልታደርግ ነው ልጄ?"

"ሞተሩ ግሏል፣ ውሃ ላጠጣው ነው።"

"ሞተሯ ከኋላ ነው። ራዲያተርም የላትም፤ የሚያበርዳት ንፋስ ነው። ውሃውን አንተ ጠጣው፣ የጋልከው አንተ ነህ።"

ጠጣሁት!

እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ቆመው ሳቁብን። አንዷ "ተበላሸችባችሁ?" አለች። ጋሼ በእጃቸው ታች ያለውን ከተማ እያሳዩ "አልተበላሸችም፤ አገር እያየች ነው" አሏት። ከዚያ ሞተሬ እስኪበርድ ድንጋይ ላይ አብረውኝ ተቀመጡ። ሕጋቸው ነበር፤ የቆመች ኮምቢ አትታለፍም።

ሰላምንም ያገኟት እሳቸው ናቸው። የሆነ ቦታ ኮምቢ ቆማ ካዩ፣ ፓራውልቷ፣ የፊት መከላከያ ብረቷ ላይ ቁጭ ብለው ባለቤቷ እስኪመጣ ይጠብቁ ነበር። ሰላም ዳቦ አከፋፍላ ስትመለስ አንድ ሽማግሌ ቢጫ ኮምቢዋ ላይ ተደላድለው ተቀምጠው አገኘች።

"አባባ፣ ይነሱልኝ እንጂ!"

"የት ልሂድ? ዘመዴን አገኘሁ።"

እንዲህ እንዲህ እያሉ ነው የሰበሰቡን። ሰው "ብረት ያፈቀሩ እብዶች" ይለናል። ይበለን።

አሁን ወደ ዛሬው ልምጣ፤ ደሜ የፈላው እዚህ ላይ ነው።

ከቀብር ስንመለስ፣ ግቢያቸው ውስጥ ድንኳን ሊተከል ሆነ። የጋሼ ኮምቢ መሀል ላይ ቆማለች። እሳቸው ከታመሙ ወዲህ ሞተሯ ተነስቶ አያውቅም። የባለቤታቸው የእትዬ ዘይነባ ወንድም ሐሚድ፣ ስልኩን እያወጣ "ይቺን ቁርጥራጭ ቁራሌ ይውሰዳት፣ ደውዬለታለሁ" አይል መሰላችሁ! አፈሩ እንኳን አልደረቀም።

እኔና ሰላም ተያየን። ሄደን ፓራውልቷ ላይ ቁጭ አልን።

"ተነሱ!" አለ ሐሚድ።

"የት እንሂድ? ዘመዳችን ጋ ነን" አለችው ሰላም።

"ለቁራሌህ ንገረው፣ ሚዛኑን ትልቅ አድርጎ ይምጣ፤ እኛንም አብሮ ነው የሚመዝነን!" አልኩ እኔ። ለቅሶ ቤት እንደዚያ መጮኽ ነውር ነው፣ አውቃለሁ። አሁንም ቢሆን እደግመዋለሁ።

እትዬ ዘይነባ ከሴቶቹ መሀል ተነስተው መጡ። ቁልፉን ከሻሻቸው ጫፍ ፈትተው እጄ ላይ አኖሩት።

"ሐሚድ፣ አንተ ድንኳኑን ትከል። እሷ ሰው አላት።"

አለቀ።

ኮምቢዋ ግን አልነሳ አለች። ገፋናት፣ ለመንናት፣ እምቢ። በገመድ ከእኔዋ ቀይ ጋር አሰርናት፣ ሰላም መሪዋን ያዘች፣ ለቀብሩ የመጡት ሌሎቹ ባለ ኮምቢዎች ከኋላ ተከተሉን። መገናኛ ላይ አንድ የታክሲ ረዳት በመስኮት ብቅ ብሎ "ፋዘር፣ የሙዚየሙ መግቢያ ስንት ነው?" አለኝ። "ቲኬት አልቋል!" አልኩት። ዓይኔ ግን እንባ ሞልቶ መንገዱ አይታየኝም ነበር።

በቀጥታ ወደ እኔ ግቢ ልንወስዳት ነበር። ሳንማከር ወደ እንጦጦ፣ ወደ ጋሼ ዳገት ታጠፍን።

እናም እውነቱን ልንገራችሁ፤ የአዲስ አበባ ቆንጆ፣ የእኔዋ ቀይ፣ ዳገቱ መሀል ቀጥ አለች። እዚያው፣ ያን ጊዜ ውሃ የጠጣሁበት ቦታ። ከኋላዬ ያሉት አንድም ያለፈኝ የለም። ሁሉም ሞተራቸውን አጥፍተው ወረዱ። ይህን የምጽፈው ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ፣ ንፋሱ እስኪያበርዳት እየጠበቅኩ ነው።

ስትበርድ እንቀጥላለን። የጋሼ መኪና እኔ ግቢ ታድራለች፣ ሞተሯ ይፈታል፣ ትነሳለች። አትነሳም የምትሉ እንደ ሐሚድ ስልካችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ።

ጋሼ ከድር፣ የቆመ አይታለፍም ያሉት እርስዎ ነበሩ። ዛሬ ሁላችንንም እዚህ ዳገት ላይ አቁመው አልፈውን ሄዱ። በዚህ እንደተቀየምኩዎት ይወቁት።

ይሂዱ እንግዲህ፣ አላህ መንገዱን ሜዳ ያድርግልዎ። ለኮምቢዎ አያስቡ። እየጠበቅናት ነው፤ ከጎኔ ቆማ አገር እያየች ነው።