አንድ ዐይናው ዔሳው

ሥዕል የተማርሁት ከአንድ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነው። የእሳቸው ሕግ አጭር ነበር፤ ደግ ሰው ፊት ለፊት፣ በሁለት ዐይኑ ይሣላል፤ ክፉ ሰው በጎኑ፣ በአንድ ዐይኑ። ዛሬ መካነ ሰላም ከተማ ተቀምጬ በታብሌት ብሥልም እጄ ይህን አልረሳም።

ጎንደር ተወልዳ እስራኤል ያደገች አንዲት ቤተ እስራኤላዊት የኦሪትን ታሪኮች ለልጆች በአማርኛና በዕብራይስጥ ታዘጋጃለች። ሥዕሉን ለእኔ ሰጠችኝ፤ ሰዎቹ የእኛን ደጋ ገበሬ ይምሰሉ አለች። እኔም ታናሽ ወንድሙ አባታቸውን አታሎ ምርቃቱን የወሰደበትን ዔሳውን በርኖስ አልብሼ፣ በአንድ ዐይን ሣልሁት። በሥራዬም ኮራሁ፤ ኩራት መቼም አይጎድለኝም።

በዚያው ሰሞን ታላቅ ወንድሜ ጥርሱን ሊታከም ከአቀስታ መጣ። ገበሬ ነው። አባታችን ማስተማር የቻለው ከሁለታችን አንዳችንን ብቻ ነበር፤ እኔን መረጠ፣ እሱን ከበሬዎቹ ጋር አስቀረው። ስለዚህ ነገር አንድ ቀን እንኳ ተነጋግረን አናውቅም። ተቀይሞኝ ይሆናል ብዬ ስለምፈራ፣ በመጣ ቁጥር ቀልድ አበዛለሁ።

ጉንጩን እንደያዘ ሥዕሉን አየና ይህ አንድ ዐይና ምን አጥፍቶ ነው አለኝ። ታሪኩን ነገርሁት፤ ታናሹ የታላቁን ልብስ ለብሶ ዐይኑ የፈዘዘ አባቱ ዘንድ መግባቱን፣ ታላቁ ከአደን ሲመለስ ምርቃቱ አልቆ ማግኘቱን፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ማልቀሱን። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ።

“እና የተወሰደበትም እሱ፣ ክፉውም እሱ?” አለ።

መምህሬ እንዲህ ነው ያስተማሩኝ ልል ጀምሬ አፈርሁ። ማፈሬን ሲያይ፣ “አብሽር፣ እኔ ሥዕል አላውቅም” አለኝ። ያ ደግሞ ባሰብኝ።

ሥዕሉን ሰረዝሁና ፊት ለፊቴ እንዲቀመጥልኝ ለመንሁት። ያበጠ ጉንጭ ምኑ ይሣላል እያለ፣ እየሳቀ ተቀመጠ። ያን ያህል ጊዜ ፊቱን አይቼው አላውቅም ነበር። ሁለተኛውን ዐይን ስጀምር አላስችል አለኝ።

“ጋሼ፣ እኔ ትምህርት ቤት የገባሁ ለታ አልቅሰህ ነበር?”

ጉንጩን ዳበስ አደረገ።

“ሦስት ቀን” አለ። “ከዚያ እርሻ ደረሰ።”