ያለ ማይክሮፎን፣ ሞጣ ላይ

ከአዲስ አበባ የወጣሁት ጎህ ሲቀድ ነው። መድረሻዬ ሞጣ፣ የጉዞዬ ምክንያት ደግሞ ፊዚክስ ነበር።

ከድር የሚባል የሁለተኛ ደረጃ መምህር ከሞጣ ደውሎ፣ "ለተማሪዎቼ ስለ ድምፅ ሳስተምር፣ የሠለጠነ ሰው ያለ ማይክሮፎን ለአዳራሽ ሙሉ ሰው ድምፁን ማሰማት ይችላል አልኳቸው። አላመኑኝም። መጥተው ያሳዩልኝ" አለኝ። በመድረክ ሕይወቴ ለሠርግ፣ ለምርቃት፣ ለሆቴል መክፈቻ ተጠርቻለሁ። ለፊዚክስ ትምህርት ግን ማንም ጠርቶኝ አያውቅም። ስለ ክፍያ እንኳ ሳላነሳ እሺ አልኩት።

እሺ ያልኩት በሌላም ምክንያት ነው። የተማርኩት ክላሲካል ዘፈን ነው፤ መጀመሪያ እዚሁ በሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎ ቡልጋሪያ ሄጄ። እዚያ ኦፔራ ቤት ውስጥ፣ ማለትም ተዋናዮቹ ንግግራቸውን በሙሉ በዜማ በሚጫወቱበት ቲያትር ውስጥ፣ ከአጃቢዎቹ መካከል ቆሜ ዘፍኛለሁ። አገሬ ስመለስ ለዚያ ድምፅ የሚሆን ሥራ አልነበረም። ቲያትር ቤት ተቀጠርኩ፤ ንግሥትም ጠንቋይም ሆንኩ። የሳሙና ማስታወቂያ ዘፈንኩ፤ የልጆች መዝሙር ቀረጽኩ፤ በሬዲዮ ድራማ አለቀስኩ፤ እራት ለሚበሉ እንግዶች ሆቴል ውስጥ አንጎራጎርኩ። በመጨረሻም በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ወይዘሮ ድንቄ የምትባል ክፉ እንጀራ እናት ሆኜ ቀረብኩና አገር አወቀኝ። አገር የማያውቀው የተማርኩትን ብቻ ነው። ሞጣ የጠራኝ ለእሱ ነበር።

አባይን ተሻግሮ

የመንገዱን ደህንነት አስቀድመን ጠያይቀን ስለነበር ሾፌሩ ተረጋግቶ ይነዳል። ጎሐ ጽዮን ላይ ወርደን ቁርስ በላን። እኔ እንቁላል ያለ ሚጥሚጣ አዘዝኩ፤ ልዘፍን ስል በርበሬ አልነካም። ከዚያ ወደ አባይ በረሃ ቁልቁለቱን ጀመርን። ሙቀቱ እየጨመረ ሲሄድ ነጠላዬን አወለቅኩ፤ አጠገቤ ልጅ ያቀፈች ወጣት ሴት ነበረችና ፀሐይ እንዳይነካው ጋረድኩላት።

"ድምፅዎትን አውቀዋለሁ" አለችኝ ስታመሰግነኝ። ትንሽ አሰበችና፣ "የሳሙናዋ ነዎት አይደል?" አለች።

ነኝ አልኳት። የማስታወቂያውን ዜማ ጀመረችው። የኋላ ወንበር ተቀበላት፤ ረዳቱም በሩን እየደበደበ ምት ሰጠ። ድልድዩን የተሻገርነው ስለ ሳሙና እየዘፈንን ነው። መጨረሻ ላይ ያለችውን ኖታ ሁሉም ዝቅ ስላደረጓት መታገሥ አቃተኝና አስተካክዬ አስደገምኳቸው። ደጀን ስንገባ በደንብ ይዘዋት ነበር።

ቢቸና

ከደጀን ወደ ቀኝ ተገንጥለን ሜዳው ላይ ወጣን። ጥቁር አፈር፣ እዚህም እዚያም ክምር፣ ወደ ከተማው የሚነዱ በሬዎች። የገበያ ቀን ስለነበር ቢቸና መግቢያው ላይ የጤፍ ጆንያ የተጫኑ አህዮች መንገዱን ሞልተውት መኪናው በእግር መንገደኛ ፍጥነት ገባ።

ባጃጅ ያዝኩ። ሾፌሩ በመስተዋቱ ደጋግሞ ሲያየኝ ቆየና፣ "ወይዘሮ ድንቄ፣ ግን ያችን ልጅ በዝናብ ለምን አባረሯት?" አለኝ። ቀልዱን መስሎኝ ነበር፤ ፊቱን ሳይ ግን የምሩን ነው።

"ደራሲው ነው ያባረራት" አልኩት።

"ቢሆንም እርስዎ እንቢ ማለት ነበረብዎት።"

አክስቴ ወይዘሮ የሺ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። እናቴ አዲስ አበባ ገብታ እኔን ስትወልድ እሳቸው ቢቸና ቀሩ። ለጉሮሮዬ ብለው ተልባ በማር በጥብጠው አስቀምጠውልኝ ነበር። ገና ብርጭቆውን ሳልጨርስ ቅሬታቸውን ጀመሩ።

"ትርንጎ፣ በአንቺ የተነሳ ሰው ፊት መቆም አቅቶኛል። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳይቀር 'የድንቄ አክስት' ነው የሚሉኝ። ባለፈው ጤፍ የምትሸጥልኝ ሴትዮ 'ዘራችሁ እንዲህ ክፉ ነው እንዴ?' አለችኝ።"

"አክስቴ፣ ትወና እኮ ነው።"

"እኔማ አውቃለሁ። እሷ አታውቅም።" ነጠላቸውን አጣፉና ጨመሩ፤ "ነገ አብሬሽ እሄዳለሁ። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ደህና ሴት መሆንሽን ያያሉ።"

ወደ ሞጣ

በማግሥቱ በጠዋት ተሳፈርን። የጮቄ ተራራ በስተግራችን ጉም ለብሶ አብሮን ይሄዳል። ደብረ ወርቅን ስናልፍ አክስቴ ሦስት ጊዜ አማተቡ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"ለመሆኑ ውጭ አገር የተማርሽው ምንድን ነው? እናትሽ ነግራኝ ነበር፤ አልገባኝም።"

"ዘፈን ነው።"

"ዘፈን ይሄን ያህል ዓመት? ለመጮህ?"

"ሳይጮሁ ለመሰማት ነው፣ አክስቴ።"

"እሱስ ከባድ ነው" አሉ።

ሞጣ ስንደርስ ነፋሱ ቀዝቃዛ ነበር። ከመኪና ወርደን ሻንጣዬን ሳነሳ አንድ ባጃጅ ጣሪያው ላይ ድምፅ ማጉያ አስሮ በፊታችን አለፈ። "ክፉዋ ወይዘሮ ድንቄ ከተማችን ገብታለች፤ ዛሬ ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተገኝተው ይመልከቷት" ይላል። አክስቴ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። እኔም ደሜ ፈላ። ሊቀበለኝ የመጣው መምህር ከድር ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ፣ ትህትናው ከፊቱ የሚነበብ የወሎ ልጅ ነው። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ አልመለስኩለትም።

"የጋበዝከው እኔን ነው ወይስ ድንቄን?" አልኩት።

አላመነታም። "እርስዎን ነው። ግን 'የማያውቁት አገር አይናፍቅም' ይባላል። የእርስዎን ድምፅ ሰው አያውቀውም፤ ድንቄን ያውቃታል። እሷ ሰዉን ታምጣልን፤ የቀረውን እርስዎ ያደርጉታል ብዬ ነው።"

ሻንጣዬን አቀበልኩት። እውነት ለመናገር ፈርቼም ነበር። የክላሲካል ዜማ ሰው ፊት ከዘፈንኩ ብዙ ዓመቴ ነው። ቤቴ ውስጥ፣ ዘፈን በማስተምርበትም ክፍል ተማሪዎቼ ፊት እለማመዳለሁ፤ ለአዳራሽ ሕዝብ ግን በዚህ ዕድሜዬ ድምፄ ይድረስ አይድረስ እርግጠኛ አልነበርኩም።

አዳራሹ

አዳራሹ ረጅም፣ የሲሚንቶ ወለል፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ነው። ሰዉ ሞልቶ በመስኮቶቹ በኩል ቆሟል፤ ተማሪ፣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ ልጅ ያዘለች እናት፣ ጥምጥም ያሰሩ ቄሶች። ከድር ተማሪዎቹን በየማዕዘኑ፣ ጥቂቶቹንም ከበሩ ውጭ አቁሟቸዋል፤ የሰሙትን እንዲናገሩ። አክስቴ የፊተኛው ወንበር ላይ፣ ከአንድ አዛውንት መሪጌታ አጠገብ ተቀመጡ።

አጃቢ መሣሪያ አልነበረም። ልጇ ወጥቶ የቀረባት እናት የምታንጎራጉረውን አንድ የቆየ የጣሊያንኛ ዜማ ጀመርኩ። ዝቅ ብሎ ነው የሚነሳው፤ እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው ሰሙኝ። ዜማው ወደ ላይ ሲወጣና ድምፄ ሲቀጥን ግን ከመሐል አንዱ ሳቀ። ሳቁ ተዛመተ። ልጆች አፋቸውን ይዘው ተንከተከቱ፤ የቄሶቹ ትከሻ ሳይቀር ተንቀጠቀጠ።

አቆምኩ። በሕይወቴ መድረክ ላይ ሆኜ ዘፈን ያቋረጥኩት ያኔ ብቻ ነው። አክስቴ ከወንበራቸው ብድግ አሉ፤ ሰዉን ሊወርዱበት እንደሆነ ከአነሳሳቸው አወቅኩ። እሳቸው አፋቸውን ሳይከፍቱ አንድ ነገር ማድረግ ነበረብኝ። እጄን ወገቤ ላይ አደረግኩ፤ ግራ ቅንድቤን አነሳሁ፤ በወይዘሮ ድንቄ ድምፅ፣ "እዚህ ቤት ውስጥ ሳላዝ የሚስቀው ማን ነው?" አልኩ።

አዳራሹ ፈነዳ። አጨበጨቡ፤ አፏጩ። አክስቴም ሳይወዱ በግድ ሳቁና ተቀመጡ። እጄን ስዘረጋ ደግሞ ወዲያው ጸጥ አሉ። የቲያትር ቤት ዓመታቴ ያስተማሩኝ ይህን ነው፤ ሰው በደንብ ከሳቀ በኋላ የሚመጣውን ጸጥታ ማንም በልመና አያገኘውም።

በራሴ ድምፅ እንዲህ አልኳቸው፦ "ድንቄን አያችኋት። አሁን የምታዩዋት ሌላ ሴት ናት። ልጇ ጠዋት ወጥቶ አልተመለሰም። ዜማው መጀመሪያ ዝቅ የሚለው ቤቷ ተቀምጣ ለራሷ ስትናገር ነው። ከዚያ ኮረብታ ላይ ወጥታ ትጠራዋለች። ከገደል ማዶ ያለ ሰው በወፍራም ድምፅ ቢጠሩት አይሰማም፤ በቀጭኑ ነው የሚጠራው። ይህን እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ።"

አንዲት ሴት "እውነት ነው" ስትል ሰማሁ።

ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ዜማው ከፍ ሲል ማንም አልሳቀም። ድምፄ ቆርቆሮውን ነክቶ ሲመለስ ይሰማኛል፤ ትንፋሼ እንደ ወጣትነቴ ረጅም ባይሆንም ከቦታው አልተነቃነቀም። ከድር በሩ ጋ መነጽሩን አውልቆ ቆሟል። ዜማውን ጨረስኩ። የመጀመሪያውን ጭብጨባ የጀመሩት እናቶች ናቸው።

የከድር ተማሪዎች ተራ በተራ ተነስተው የሰሙትን ተናገሩ። ከበሩ ውጭ ቆማ የነበረችው ልጅ፣ "ትንፋሽ ሲስቡ ጭምር ሰማሁ" አለች። ከድር "አሁንስ?" ብሎ ሲጠይቃቸው በአንድ ድምፅ "አምነናል" አሉት።

መሪጌታው በትራቸውን ተደግፈው ወደ እኔ መጡ። "ልጄ፣ ትንፋሹን የት ታስቀምጭዋለሽ?" አሉኝ።

"እዚህ፣ ከጎድኔ በታች" ብዬ በእጄ አሳየኋቸው።

"እኛም ዘንድ ቦታው እዚያው ነው። ደረቱ ላይ ያስቀመጠ ማሕሌቱን ቆሞ አይፈጽምም።" ከዚያም ጨመሩ፤ "ጥሩ መምህር ነበረሽ።"

ቡልጋሪያዊቷ መምህርቴ ከሞተች ቆይታለች። በሕይወት ብትኖር ይህን ቃል በጻፍኩላት ነበር። ሽልማት ተቀብዬ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ኮርቼ አላውቅም። አክስቴ ደግሞ ሰው እየመጣ ሲጨብጠኝ ከጎኔ ሳይለቁ፣ ለእያንዳንዱ "የእህቴ ልጅ ናት" ይሉ ነበር።

መልስ

በማግሥቱ አክስቴን ቢቸና አወረድኳቸው። መኪናው ሳይነሳ ጎረቤታቸው መጥታ "ድንቄ ናት እንዴ?" ስትላቸው፣ "አዎ፤ የእኛ ናት" ሲሉ ሰማሁ። በዚያው ማታ አዲስ አበባ ገባሁ።

እስከዚህ ጉዞ ድረስ ሥራዎቼን ከሁለት ከፍዬ ነበር የማያቸው፤ ለእንጀራ የሠራሁት በአንድ ወገን፣ ለክብር የተማርኩት በሌላ ወገን። ሞጣ ላይ ግን የተማርኩትን ያዳነልኝ ለእንጀራ የሠራሁት ነው። ያንን ሁሉ ሥራ ባልሠራ ኖሮ ያን ዜማ አልጨርሰውም ነበር።

ሰኞ ወደማስተምርበት ክፍል ስገባ ሜሮን የምትባል ተማሪዬ ቀድማ ገብታ ጠበቀችኝ። የዘይት ማስታወቂያ እንድትዘፍን ተጠርታለች፤ ጓደኞቿ ክላሲካል ለሚማር ሰው ነውር ነው ብለዋታል። "እምቢ ልበላቸው?" አለችኝ።

"መቼ ነው የሚቀዳው?"

"ነገ።"

"እንግዲያው የዛሬውን ትምህርት በእሱ እንጀምራለን" አልኳት።

እየተከታተሉ የገቡት ሌሎቹ ተማሪዎች ተያዩ። ሜሮን መሐል ላይ ቆመች፤ ትከሻዋን ለቀቀች፤ ትንፋሿን ከጎድኗ በታች ሳበችና ስለ ዘይቱ መዝፈን ጀመረች።